ቀለሁን ያወረድሁበት ቀን

በሥራ ማኅደሬ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ። «የትምህርት ቤቱን ንብረት ያለ ፈቃድ ከቦታው በማንሳት የመማር ማስተማሩን ሥራ በማስተጓጎልዎ» ይላል። ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር የተጻፈብኝ ክፉ ወረቀት እሱ ብቻ ነው። ንብረቱ ምን እንደነበር ግን ወረቀቱ አይናገርም። እኔ ልናገር። የመድፍ ቀለህ ነበር።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ጦርነቱ ከተማችንን ለቅቆ ከሄደ በኋላ፣ ገና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ትምህርት ቤታችን ተከፈተ። ተከፈተ ማለት በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ዴስኮቹ ማገዶ ሆነው አልቀዋል፤ ልጆቹ ድንጋይና ጀሪካን ላይ ይቀመጣሉ። ስንት ዓመት እየጠጋገንሁ ያቆየኋት ማይክሮስኮፕ የለችም። የሰው አካል ክፍሎች የተሣሉበት ቻርት ግን ግድግዳው ላይ ቀርቷል፤ ልቡ ላይ አንዱ በከሰል ኢላማ ሠርቶበታል።

ሌላም የተረፈ ነገር ነበር። ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ተብሎ በየስብሰባው በሚጨበጨብበት ጊዜ፣ «የተማሪው ሥነ ልቦና ሊታሰብበት ይገባል» ተባለና አንድ ጠባብ ክፍል ተሰጠን። በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የምክር አገልግሎት» ተብሎ ተጻፈ። ባለሙያ ይመደባል ተባለ። ባለሙያው አልመጣም። ሲቆይ ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያና ባልዲዋን ማስገባት ጀመረች፤ እኛም የተሰበረ ወንበር ጨመርንበት። ጦርነቱ አልፎ ስንመለስ ጽሑፉ እንደ ትናንት ቀለም ደማቅ ሆኖ ጠበቀን።

ደወላችን ግን ተወስዶ ነበር። የድሮው ደወል ከግራሩ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። በምትኩ ግቢው ውስጥ ተጥለው ከተገኙት ባዶ የመድፍ ቀለሆች አንዱን ርእሰ መምህሩ በሽቦ አሰቀሉት። ዘበኛው በብረት ሲመታው ድምፁ እስከ ገበያው ተሰማ። «ከቸርኬው ይሻላል» አሉ ርእሰ መምህሩ። መምህራኑ ሳቅን። «ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቀመ» ያልሁት እኔ ነኝ። ይህን ካልተናገርሁ የሌላውን ጥፋት ለመናገር አፍ አይኖረኝም።

በዚያ ዓመት የርእሰ መምህሩ ቃል አንድ ነበር፤ ማካካሻ። ያለፈውን ትምህርት ቅዳሜም እየተማርን እናካክስ፤ ስምንተኛ ክፍሎች ሚኒስትሪ አለባቸው። ልጆቹ አባት ቀብረው መጥተዋል፤ እኛ ምዕራፍ አምስት ላይ መድረስ አለብን። መድረስ ያለብን ለማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ሥልጠና መጣ። ሦስት ቀን ደሴ ወሰዱን። አሠልጣኙ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ባለቀለም እርሳስ አደለንና «ስሜታችሁን ሳሉ» አለን። አጠገቤ የተቀመጠችው መምህርት ወንድሟን መቃብር ቦታ ማድረስ አቅቷት ጓሮዋ የቀበረች ናት። አሠልጣኙ ለምሳሌ አበባ ስላሳየ አበባ ሳለች። «በጣም ጎበዝ» አላት። ያን ጊዜ የተሰማኝን እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁለትም፤ እርሳሱን ሁለት ቦታ እንደሰበርሁት ብቻ አስታውሳለሁ። በመጨረሻው ቀን ለትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ድጋፍ ተጠሪ ተብዬ፣ አንድ ክምር ቅጽ ተሸክሜ ተመለስሁ። ርእሰ መምህሩም የመጥረጊያዋን ክፍል ቁልፍ ሰጡኝ።

ለማስጠንቀቂያው ምክንያት የሆነችው ልጅ በኃላፊነት የምይዘው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከውጫሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ አምባሰል ግርጌ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። የሰፈሯ ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ስለማያልፍ ሐይቅ ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። ከጦርነቱ በፊት አንደኛ ወይም ሁለተኛ ትወጣ ነበር። እጅዋን ሳታወጣ የማትመልስ፣ ስትመልስ ደግሞ የማታቆም ልጅ።

ጦርነቱን ቤተሰቦቿ ዘንድ አሳልፋ ስትመለስ ሌላ ልጅ ሆናለች። በሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም ትላለች። ደወሉ ሲመታ መምህር እያስተማረ፣ ደብተሯን ጥላ፣ ሰው ረግጣ ትወጣና ሜዳው መሐል ትቆማለች። ከዚያ ወደ ሰማይ ታያለች። ልጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ ይስቁባት ጀመር። አንድ ቀን በእኔ ክፍለ ጊዜ፣ ስለ ደም ዝውውር ሳስተምር፣ ደወሉ ሲመታ ሮጣ ስትወጣ የፊት ረድፍ ላይ የነበረችውን ልጅ ጣለቻት። የወደቀችው ልጅ ጥርስ ተሸረፈ።

ርእሰ መምህሩ ጠሩኝ።

«ሦስተኛዋ ነው» አሉ መዝገቡን እያሳዩኝ። «ወላጅ ታምጣ።»

ወረቀቱን ጻፍሁ። በራሴ እጅ። «በተደጋጋሚ ክፍል ጥላ በመውጣትና ተማሪ በመጉዳት ወላጅ እስክታመጣ ክፍል እንዳትገባ» ብዬ ፈረምሁ። ልጅቷ ወረቀቱን አንብባ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ማንን ነው የማመጣው?» አለች።

«አባትሽን፤ ካልሆነ እናትሽን።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ሄደች። የሦስት ቀኑ ሥልጠና ቅጽ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ተማሪው በቅርብ ጊዜ ያጣው የቤተሰብ አባል አለ?» የሚል ነው። አላነበብሁትም።

ሳምንት አለፈ፤ አልመጣችም። በሁለተኛው ሳምንት አክስቷን ገበያ አገኘኋት።

«ምነው ልጅቷን አስቀራችኋት?» አልኋት፤ ይባስ ብዬ እኔው ቆጣ ብዬ።

ሴትዮዋ ቅርጫቷን አስቀመጠች። «መምህር፣ እናንተ አይደላችሁ ያባረራችኋት? አባቷ ሙቷል። እናቷ ቤት መግባት ካቆመች ወራት ሆናት። ማንን ታምጣላችሁ? ይኸው እናቷ ዘንድ ተመልሳለች።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ማካካሻውን ትቼ በሚኒባስ ወደ ውጫሌ አቅጣጫ ሄድሁ፤ ከአስፋልቱ ወርጄ ከሰዓት በላይ በእግሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የተሰማኝ ኀዘን አይምሰላችሁ። ንዴት ነበር። በርእሰ መምህሩ፣ በለስላሳው አሠልጣኝ፣ በቅጹ፣ ከሁሉም በላይ በፈረመችው እጄ ላይ።

ቤቱን ጎረቤት ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በደቦ መልሶ ሠርቶታል፤ አዲሱ ቆርቆሮ ከሩቅ ያበራል። እናትየዋ ግን ዋንዛው ሥር ናት። አጎዛ አንጥፋ፣ በላስቲክ የተሸፈነ አንድ የእንጨት ከለላ ተጠግታ ተቀምጣለች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ልጅቷ ሁለት ታናናሽ እህቶቿን እያጠበች ነበር። ስታየኝ ውኃውን ደፋችው።

«ቲቸር፣ ወላጄ ያቻት» አለች፣ በአገጯ ወደ ዋንዛው እያሳየች።

በዚያች ደቂቃ ምድር ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እናትየዋ አጠገብ ቁጭ አልሁ። የሆነውን ነገረችኝ፤ ልጅቷም ከጎን እየሞላች። ከቤታቸው በላይ ያለው ጉብታ ላይ መድፍ ተጠምዶ ነበር። የማን እንደነበር አልጽፍም፤ ለእነሱ ለውጥ አልነበረውም። መድፉ ሲተኮስ መጀመሪያ ምድሩ ይናወጣል፤ ቀጥሎ ባዶው ቀለህ ድንጋዩ ላይ ይወድቅና ይጮኻል። ልጆቹ ያንን ጩኸት መቁጠር ለመዱ። ምክንያቱም ቀለሁ ከጮኸ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ማዶ መልሱ ይመጣል።

«ያን ዕለት ውጪ ነበርን፣ ማሽላ ስንቆርጥ» አለች እናትየዋ። «ብርድ ብሎኝ አባቷን፣ ‹ግባና ጋቢዬን አምጣልኝ› አልሁት። እኔ ነኝ ያልሁት። ገባ። ቀለሁ ጮኸ። ያ ረቢ፣ ውጣ ልለው አፌን ስከፍት ቤቱ የለም።»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች፣ «ቤት ውስጥ ያለ ነው የሚሞተው» አለች። «ውጪ ያለነው ተረፍን። ስለዚህ ሲጮኽ እወጣለሁ።»

እኔ የክፍል ኃላፊዋ፣ እኔ የሥነ ልቦና ድጋፍ ተጠሪዋ፣ ያንን ጩኸት በየአርባ ደቂቃው ሳሰማት ከርሜ፣ በመዝገብ ላይ «ሥነ ምግባር የጎደላት» ብዬ ጽፌያለሁ።

አጎትየው፣ የአባትየው ታላቅ፣ ከእርሻ ተመለሰ። እንግዳ መሆኔን አይቶ በአክብሮት ተቀበለኝ፤ የመጣሁበትን ስነግረው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እኅቴ፣ እሷ ሰብር አድርጋ መቻል ነው ያለባት፤ አላህ የወሰነው ነው። ልጅቷም ትምህርቱ እንቢ ካላት ትዳር ትያዝ። የጠየቀ ሰው አለ።»

«ገና አሥራ አምስት አልሞላትም!»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ እንዴት ይሉታል? ያኛው መከራ አነሳትና ሌላ ሊጨምሩላት ነው?»

ድምፄ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል። ሰውየው አልተቆጣም። የተሰነጣጠቀ መዳፉን አሳየኝ። «የወንድሜንም የኔንም መሬት የማርሰው ብቻዬን ነው። ስምንት አፍ ነው የሚያየኝ። ምን ላድርግ ትይኛለሽ? እናንተ ደግሞ መለሳችኋት እንጂ እኔ አላስቀረኋትም።»

«ሰኞ ትምጣ፤ እናቷም ትምጣ፤ ስለ ቀሪው እንነጋገራለን» ብቻ አልሁ።

ሰኞ መጡ። እናትየዋ እንዴት ብላ ሚኒባስ ውስጥ ትገባለች ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ አልገባችም። አጎትየው ከቤታቸው ጀምሮ በበቅሎ አመጣት። ሲነጋ ተነሥተው የደረሱት ረፋድ ላይ ነው። የጮኽሁበት ሰው ነው ይህን ያደረገው።

ርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ስንደርስ እናትየዋ ቆመች። ልጅቷ ክንዷን ያዘቻት። አልገባም ብላ አይደለም፤ እግሯ እንቢ አላት።

«ይግቡ እንጂ» አሉ ርእሰ መምህሩ ከጠረጴዛቸው ሳይነሡ።

«እርስዎ ይውጡ» አልሁ።

«ምን?»

«ወንበርዎን ይዘው ይውጡ። ወላጅ አምጪ ብለናታል፤ አምጥታለች። የሚያነጋግሯት ከሆነ ሣሩ ላይ ነው።»

ወጡ፤ ወንበር ሳይዙ፣ ፊታቸው ጠቁሮ። ግራሩ ሥር ቆምን። እሳቸው ስለ ደንቡ መናገር ጀመሩ። ስለ ተሸረፈው ጥርስ፣ ስለ ሚኒስትሪ። ግራሩ ሥር ያቆምኋቸው እኔ ነኝ፤ ደወሉ ከራሳችን በላይ እንደተሰቀለ ልብ አላልሁም። በንዴት ታውሬ ነበር። ዘበኛው ሰዓቱን አይቶ ብረቱን ይዞ መጣ።

«ቆይ!» ማለቴን አስታውሳለሁ። አልደረስሁም።

ቀለሁ ሲመታ እናትየዋ ልጇን አንገቷን ይዛ መሬት ጣለቻትና ከላይዋ ወደቀች። በሰውነቷ ሸፈነቻት። አልጮኸችም። ልጅቷ ከሥሯ ሆና፣ «እማ፣ ውጪ ነን፤ እማ፣ ውጪ ነን» ትላለች። ተማሪዎች በየመስኮቱ ብቅ አሉ። በዚያን ዕለት የሳቀ አልነበረም። አጎትየው ጥምጣሙን ፈትቶ አለበሳት።

ርእሰ መምህሩ እንደ ቆሙ ቀሩ። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል ነው የምጽፈው። «ምን ላድርግ፤ ደወል ነው።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አላስታውስም። ከዘበኛው ቤት ፒንሳ አምጥቻለሁ። የግራሩን ጉቶ ረግጬ ወጥቻለሁ፤ ቀሚሴ ተቀድዷል። ሽቦውን ስቆርጠው ቀለሁ ከባድ ስለነበር ሊያመልጠኝ ነበር፤ ዘበኛው ሮጦ ከሥር በጋቢው ተቀበለልኝ። መሬት ወድቆ እንዳይጮኽ። ያ ሽማግሌ ምንም ሥልጠና አልወሰደም። ቀለሁን ታቅፌ ወደ መጥረጊያዋ ክፍል ወሰድሁት፤ መልሼም ቆለፍሁበት።

ማታውኑ ማስጠንቀቂያው ተጻፈ። ቀለሁም ከኔ ተወስዶ ንብረት ክፍል ገባ፤ ቁጥር ተሰጥቶት ተመዘገበ። የአባቷ ሞት የትም መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ የገዳዩ ዓይነት ግን የንብረት ቁጥር አለው።

በማግስቱ ወረቀቱን ልፈርም ስገባ ርእሰ መምህሩ በር ዘጉ። ልናገራቸው የፈለግሁትን ስድብ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር።

«ተቀመጪ» አሉ። «አንቺ ድንጋይ መስዬሽ ይሆናል። ስንሸሽ እናቴን እስከ ኩታበር መንገድ በጀርባዬ ስሸከም፣ ሞታም ተሸክሜያት እንደቆየሁ አላወቅሁም። ማን ጠየቀኝ? ማካካሻ የምለው ዝም ካልሁ ስለምሰማት ነው።»

አልጠየቅኋቸውም፤ እውነት ነው። አብረን ስንሠራ ስንት ዓመት! አዘንሁላቸው። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ዛሬም አልበረደም። የራሱ ቁስል ያለው ሰው የልጅን ቁስል ለማየት መፍጠን ነበረበት እላለሁ። ደግሞ እኔስ መቼ ፈጠንሁ? ወረቀቱን ፈረምሁና፣ «ደወሉ እንደማይመለስ ይጻፉልኝ» አልሁ። አልጻፉም። ግን አልመለሱትም። ዘበኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ በየክፍሉ በር እየዞረ በዱላው ወለሉን ሳይነካ «ሰዓት ነው ልጆቼ» ይል ጀመር። አንዳንድ ክፍለ ጊዜ ይረዝማል፤ አንዳንዱ ያጥራል። ማንም አልሞተም። ሌሎች ልጆችም በየደወሉ ይበረግጉ እንደነበር ያወቅነው መበርገግ ሲያቆሙ ነው።

እናትየዋን ደሴ ሆስፒታል ለማሳከም ሁለት ወር ፈጀ። ጤና ጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ ጤና ጣቢያው መራን። አንዱ ቢሮ ውስጥ «ይህ የማኅበራዊ ጉዳይ ነው» አሉን፤ ሌላው «የጤና ነው» አሉን። በመጨረሻ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያገኘነው አንድ ነርስ ነበር፤ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ይጠብቀዋል። በሽተኛዋ አልገባ ማለቷን ስነግረው አልተጨቃጨቀም። ነጭ ጋዋኑን አውልቆ ወጣና ከግቢው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። «እኔም እዚህ ይሻለኛል» አላት። ወቀሳ የሌለበት ቃል ከሰማች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁ። በየወሩ እንድትመጣ ነገራት፤ መድኃኒት ሰጣት። ለአጎትየውም፣ «ሰብር ማድረግና መታከም አይጣሉም» አለው። እኔ ጮኼ ያላስረዳሁትን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳው። የትዳሩ ወሬ ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ልጅቷ ሚኒስትሪውን በሩ አጠገብ ተቀምጣ ተፈተነች። በሩ ተከፍቶ እንዲቆይ ከፈታኙ ጋር የተጨቃጨቅሁት እኔ ነኝ። አለፈች፤ የሚገባትን ያህል ግን አላመጣችም፤ እንዲህ ዓይነቱን ነገር «ተወጣችው» ብለው ሲያወሩልኝ እናደዳለሁ። ክረምቱ ሳያልቅ ጦርነቱ እንደገና ተነሣ የሚል ወሬ መጣ። እናትየዋ በረንዳ ላይ መተኛት ጀምራ ነበር፤ ወደ ዋንዛው ሥር ተመለሰች። እስክትረጋጋ ሌላ ብዙ ወራት ወሰደ።

ባለፈው ዓመት፣ ያን ሥልጠና ያዘጋጁት ሰዎች በመኪና መጡ። አዲስ የምክር አገልግሎት ክፍል ሊመርቁ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ ወንበሮች አሉት፤ ባለሙያ ገና አልተመደበም። አንዲት ወጣት ካሜራ ይዛ ወደ እኔ መጣች። የእናትየዋንና የልጅቷን ጉዳይ ሰምታለች።

«በጣም ጥሩ የስኬት ታሪክ ነው» አለችኝ። «እናትየውን ዛፉ ሥር ተቀምጣ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?»

«አይቻልም።»

«ምክንያቱን ምን ብዬ ልጽፍ?»

«ልጅቷን ያባረርናት እኛ ነን ብለሽ ጻፊ። የማባረሪያውን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ ብለሽ ጨምሪበት።»

ሳቀች፤ የቀለድሁ መስሏት። ብዕሯን አላነሣችም። ወደ ሌላው መምህር ሄደች፤ እኔም አራተኛ ክፍለ ጊዜ ነበረኝና ወደ ክፍሌ ገባሁ። ዘንድሮ በሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም የሚሉ ሁለት ልጆች አሉኝ። ስም ስጠራ ከእነሱ እጀምራለሁ።